ሰማይ ሲከሰስ፦ ረሃብ፣ እምነትና ክህደት በራያ ቆላ

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ አጭር ቢሆንም ያዘለው ሐሳብ ሰፊ ነው። ሰማይንና ንጉሥን ጎን ለጎን ያስቀምጥና ሁለቱንም ከክስ ነጻ ያወጣቸዋል። ዝናም ቢጠፋ ሰማይን ማን ይጠይቀዋል? ፍርድ ቢጓደል ንጉሥን ማን ይሟገተዋል? ሁለቱም ከበላይ ናቸው፤ የበታቹ ድርሻ መቻል ነው።

ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ሰማይን ሳይከስ የኖረበት ዘመን የለም። መከራ በበዛ ቁጥር፣ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ውስጥ በሞተ ቁጥር፣ "ፈጣሪ ካለ ይህ ለምን ሆነ?" የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ወደ ፍልስፍና ሲገባ የክፋት ጥያቄ ይባላል። ፈጣሪ የለም የሚሉ ወገኖች ካሏቸው መከራከሪያዎች ሁሉ እጅግ ጥንታዊው፣ ምናልባትም እጅግ ከባዱ ይኸው ነው።

በአገራችን ይህ ክስ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረበ አይደለም። በሰሜን ወሎ፣ በቆቦና በዙሪያው ባለው የራያ ቆላ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ በሰው ሕይወት ተፈትኗል። አንዱ ፈተና የደረሰው ሥዩመ እግዚአብሔር ነኝ በሚል መንግሥት ዘመን ሲሆን፣ ሌላው የደረሰው ካድሬዎቹ ፈጣሪ የለም ብለው በሚያስተምሩ መንግሥት ዘመን ነው። ክሱ ከየት እንደመጣ፣ ራያ ላይ ሲደርስም ምን እንደገጠመው እንመልከት።

ጥንታዊው ክስ

ክሱን በጥቂት ቃላት አሳጥሮ አቅርቦታል የሚባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ341 እስከ 270 የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩረስ ነው። አቀራረቡ የደረሰን ግን በወዳጆቹ ብዕር አይደለም፤ ሊያፈርሰው በተነሣ የክርስቲያን ጸሐፊ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኖረው በላክታንሲዩስ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህን ይመስላል፦ ፈጣሪ ክፋትን ሊያስወግድ ፈልጎ ካልቻለ ደካማ ነው፤ እየቻለ ካልፈለገ ቸር አይደለም፤ የሚችልም የሚፈልግም ከሆነ ክፋት ከየት መጣ? አማኞች ለፈጣሪ በሰጧቸው ባሕርያት ላይ ኋላ ሦስተኛ ተጨምሮ ክሱ በሦስት እግር ቆመ፤ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይችላል፣ ፍጹም ቸር ነው። ሦስቱ በአንድነት ከዓለም መከራ ጋር አይስማሙም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ አምላክ የለም ይላል ከሳሹ።

ሌሎች መከራከሪያዎችም አሉ። "ለሁሉም ነገር አስገኚ ካስፈለገው ለአስገኚውስ?" የሚለው አንዱ ነው። ጀርመናዊው ፎየርባህ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የገዛ ባሕርዩን አጉልቶ ወደ ሰማይ ወረወረውና አምላክ ብሎ ሰገደለት ሲል ተከራክሯል። ይሁንና እነዚህ የጠረጴዛ ክርክሮች ናቸው። የክፋት ጥያቄ ግን ፊደል ባልቆጠረች እናት ልብ ውስጥም ያለ አስተማሪ ይበቅላል።

መልሱም እንደ ክሱ ረዥም ታሪክ አለው። በመጽሐፈ ኢዮብ ላይ ወዳጆቹ "ኃጢአት ባትሠራ ይህ ባልደረሰብህ" ሲሉት ኢዮብ አልተቀበላቸውም፤ በመጨረሻም የተወቀሱት ወዳጆቹ ናቸው። በእስልምናው ዓለም ሙዕተዚላ የተባሉት ሊቃውንት አላህ ፍትሐዊ ስለሆነ ክፋት ከሰው ምርጫ የሚመጣ ነው ሲሉ፣ አሽዐሪዎች በበኩላቸው ሰው በራሱ ሚዛን ፈጣሪውን ሊመዝን አይቻለውም ብለው መለሱ። ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ይህ ዓለም ሊኖሩ ይችሉ ከነበሩ ዓለማት ሁሉ የተሻለው ነው ሲል ጻፈ። አርባ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755፣ ምእመናን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ለማክበር በየቤተ ክርስቲያኑ በተሰበሰቡበት ሰዓት ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈራረሰች። ቮልቴር የላይብኒዝን ተስፈኝነት እ.ኤ.አ. በ1759 "ካንዲድ" በተባለው ልብ ወለዱ መሳለቂያ አደረገው። የሂዩም የሃይማኖት ምልልሶችም ደራሲው ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1779 ታትመው ክሱን እንደገና አሾሉት።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ለራያ ጉዳይ የሚበጀን አንድ መለያ አለ። ክፋት ሁለት ዓይነት ነው፤ የተፈጥሮ የሚባለው እንደ መሬት መንቀጥቀጥና እንደ ድርቅ ያለው፣ የሰው የሚባለው ደግሞ እንደ ግድያና እንደ ጭቆና ያለው። ለሁለተኛው አማኞች የነጻ ፈቃድን መልስ ያቀርባሉ። አሜሪካዊው ፕላንቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን መልስ አጠንክሮ ስላቀረበው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 "አምላክና ክፋት በሎጂክ አይስማሙም" ያለው የማኪ ክርክር ብዙ ጉልበቱን አጥቷል። የመጀመሪያው ዓይነት ክፋት ግን በቀላሉ አይመለስም። ማንም ሳይበድል ሰማይ ቢደርቅ ተጠያቂው ማን ነው?

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ረሃብ ከሁለቱ የየትኛው ነው? የሰማይ ወይስ የሰው?

ከዋሻ የተነሣው ጥያቄ

ጥያቄው ለአገራችን ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ የተጻፈው "ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ" ባለታሪክ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ የተወለደ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ሲነሣ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። እዚያም የሰውን ክፋት እያሰበ "የምጸልይለት አምላክ በእርግጥ አለን? ይሰማኛልን?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከጥርጣሬው የወጣው መጽሐፍ ጠቅሶ ብቻ አይደለም፤ እኔን ወላጆቼ ወለዱኝ፣ እነርሱንም ወላጆቻቸው፣ በመጨረሻ ግን ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ብሎ በልቡናው አመዛዝኖ ነው። ክፋትን በተመለከተም መልሱ ወደ ሰው ያመለክታል። ፈጣሪ ለሰው ማመዛዘኛ ልቡና ሰጥቶታል፤ ሰው ግን መመርመር ስለሚታክተው ሐሰትን ይከተላል።

ስለ መጽሐፉ ደራሲ ያለው ክርክር ገና አልበረደም። ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካፑቺን ሚስዮናዊ ነበር። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ሚስዮናዊው ነው አሉ። ረዥም ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን በሰፊው ተከራከሩ። ፈረንሳዊቷ አናኢስ ቪዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ኮንቲ ሮሲኒ ሐሳብ ተመልሳለች። ደራሲው ማንም ይሁን፣ በግዕዝ ቋንቋ "አምላክ አለን?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። ጥያቄው ከነማርክሲዝሙ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የራያ ምድርና ሰማይ

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የቆቦ ሜዳ ይዘረጋል። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ያዋስኑታል። አፈሩ ለም ነው፤ ማሽላና ጤፍ አብቃይ ነው። ችግሩ ዝናሙ ነው። በአንዱ ዓመት ይመጣል፣ በሌላው ይቀራል፣ ሲመጣም ሰዓቱን ይስታል። የራያ ገበሬ ስለዚህ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ማጠጣት ከአያቶቹ ተምሯል። ላስታ ላይ ሲያገሳ ቆላው መሬቱን ያሰናዳል።

ሕዝቡ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም መገኘታቸው ለአካባቢው ሰው ወሬ አይሆንም። ዝናም ሲቀር አንዱ ምህላ ይይዛል፣ ሌላው ዱዓ ያደርጋል፤ በወዳጃው ላይም ቡና ተፈልቶ፣ ጫት ተይዞ፣ አንድ ሰማይ በብዙ ስም ይለመናል። "እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም" የሚለው አባባል እዚህ የእለት ስንቅ ነው።

ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተረት ግን ራያ ከልቡ ተቀብሎታል ለማለት ያስቸግራል። በ1921 ዓ.ም. ገደማ በማእከላዊው መንግሥት ላይ ተነሥቷል፤ በ1935 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው የወያኔ ዐመፅም ውስጥ ነበረበት። ሰማይን የሚለምን፣ ንጉሥን የሚጠይቅ ሕዝብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስድሳ ስድስት

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናሙ ተከታትሎ ቀረ። የወሎ ገበሬ በሬውን፣ ከዚያም ዘሩን፣ በመጨረሻም የበሩን መዝጊያ ሳይቀር ሸጠ። የሚሸጥ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ያ ጎዳና ቆቦን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። በመኪና የሚያልፈው ባለሥልጣን፣ ነጋዴና ቱሪስት ሁሉ አይቷል ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። መንግሥት ዝምታን መረጠ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ሁለት መቶ ሺህ ይገመታል።

ቀሳውስቱና ሼሆቹ የሰማይ ቁጣ ነው ማለታቸው ልማድ ነው። መንግሥትም ይህን መልስ አልጠላውም። ቁጣው የሰማይ ከሆነ እርሱን የሚጠይቀው የለማ! ከዓመታት በኋላ ግን ጥናቶች ሌላ ነገር አሳዩ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ ሲመረምር፣ በአገር ደረጃ የእህሉ ምርት እምብዛም እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደተጠበቀው እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እህል ይወጣ እንደነበር አመለከተ። እህል ነበረ፤ ገበሬው ግን መግዣ አልነበረውም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም፣ ገበሬውን አራቁቶ ለረሃብ የሚያጋልጠው ሥርዓቱ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

እንግዲህ በፍልስፍናው ቋንቋ፣ የተፈጥሮ ክፋት ተብሎ በሰማይ መዝገብ የተጻፈው ዕዳ ትልቁ ክፍል ወደ ሰው መዝገብ ተዛወረ።

ፈጣሪ የለም የሚለው ትምህርት

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የሃይማኖቶችን እኩልነት አወጀ፤ የሙስሊሙ በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ይህ ለራያና ለወሎ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላ ትምህርት መጣ። በየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ "ዲያሌክቲካዊና ታሪካዊ ቁስ አካላዊነት" ይሰጥ ጀመር። ቁስ አካል ቀዳሚ ነው፣ ሐሳብ ተከታይ ነው፤ ፈጣሪ የሚባለው ሰው ተፈጥሮን ባለማወቁና በጨቋኞች መታለሉ የወለደው ምናብ ነው። ፎየርባህ በማርክስ በኩል አልፎ፣ በሞስኮ መማሪያ መጻሕፍት ተጠርዞ፣ ወሎ ገባ ማለት ነው።

ክርክሩ በነጻ መድረክ ቢቀርብ ኖሮ በደግ የሚታይ ነበር። ግን መልስ የማይሰጥበት ክርክር ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ ኋላም ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። "ፈጣሪ አለን?" የሚለው ጥያቄ ከፍልስፍና ወጥቶ የፖሊስ ጉዳይ ሆነ።

የዚያን ጊዜ ከነበሩት መፈክሮች አንዱ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን" የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሰማይ ባዶ ነው፣ ዙፋኑን እኛ እንይዛለን ማለት ነው። ሰማይም እንደገና ደረቀ።

የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን መመሥረት በታላቅ ድምቀት ታከብር ነበር። በዚያው ጊዜ ከቆቦ ወደ ሰሜን አላማጣን አልፎ፣ የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ አቀበት ወጥቶ በሚገኘው በኮረም መጠለያ ብርድና ረሃብ ሰውን ያረግፉት ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና የፎቶግራፍ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ጋዜጠኛው ያየውን የሚገልጽበት ሌላ ቃል አጥቶ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ረሃብ አለው። ስያሜው ሳያስበው ክሱን እንደገና ወደ ሰማይ መለሰው።

ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በሰሜኑ ጦርነት ነበር፤ የእህል ንግድ በኬላ ታግዷል፤ ገበሬው ለመንግሥት በግዴታ የሚሸጠው ኮታ ነበረበት። አሌክስ ደ ዋል እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጥናት ድርቁን ወደ እልቂት የለወጠው በዋናነት የጦርነቱ አካሄድ ነው ብሏል። የሟቾቹ ግምት ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ብዙው በፈቃዱ አልነበረም።

የኤፒኩረስን ሦስት እግሮች አሁን ወደዚህ እናምጣቸው። መንግሥት ያውቅ ነበርን? የራሱ ኮሚሽን ነግሮታል። ይችል ነበርን? ከአፍሪካ ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱን የሚመግብና በዓል የሚደግስ መንግሥት አይችልም ማለት ያስቸግራል። ለጭቁኑ ሕዝብ ቸር ነበርን? ነኝ ይል ነበር። ክሱ በሰማይ ላይ ሲቀርብ መደምደሚያው "ስለዚህ የለም" ነው። መንግሥት ግን መኖሩ አያጠራጥርምና፣ የሚቀረው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው፤ ቸር አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የመከላከያው ዓይነት ነው። ፈጣሪ የለም ያለው ሥርዓት የሃይማኖት ሊቃውንት ለፈጣሪ ያቀርቡት የነበረውን ጥብቅና ለራሱ ወሰደው። የዛሬው መከራ ለነገው ብሩህ ዘመን ነው፤ የታሪክ ሂደት ለተራው ሰው አይገለጥም፤ የሚያጉረመርም ንቃት የጎደለው ነው። አምላክ ከመንበሩ ወረደ እንጂ መንበሩ አልፈረሰም። በአንጻሩ ለራያው ረሃብተኛ እህል ካቀበሉት መካከል የአብያተ ክርስቲያናት ተራድኦዎችም፣ ሃይማኖት የማይጠቅሱ ሐኪሞችም፣ የሶቪየት አውሮፕላኖችም ነበሩበት። በእጃቸው ያለውን ከሰጡ በኋላ አማኙና ኢ-አማኒው በአንድ ድንኳን ውስጥ የሚያከራክራቸው ብዙ አልነበረም።

የክሱ ውሳኔ

"ታዲያ ሰማይ ነጻ ወጣ ማለት ነውን?" ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። አልወጣም። ረሃቡን ሰው ቢያባብሰው እንኳ ዝናሙን ያስቀረው ሰው አይደለም። ደግሞስ አንድ ባለሥልጣን በነጻ ፈቃዱ ስለ በደለ፣ ፈቃድ የሌለው የሁለት ዓመት ሕፃን ለምን ይሙት? ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1880 ባጠናቀቀው ልብ ወለድ ኢቫን ካራማዞቭ በሕፃን እንባ የሚገዛ ገነት አልፈልግም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሮውም እ.ኤ.አ. በ1979 አንድም ጥቅም የማይታይበት መከራ ካለ ቸር አምላክ ላለመኖሩ ማስረጃ ይሆናል ሲል ክሱን በለዘበ፣ ግን በጠነከረ መልኩ አቅርቦታል። አማኙ ጥቅሙን አንተ ስላላየኸው የለም አይባልም ይለዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ በዚህች ጽሑፍም አይዘጋም።

የራያ ታሪክ የሚያስተምረን ከዚህ መለስ ያለ፣ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነ ነገር ነው። ክሱ ወደ ሰማይ ከመላኩ በፊት መጣራት ያለበት መዝገብ አለ። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ያስከተለው ድርቅ ሰሜን ወሎንም መታ፤ በአገሪቱ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ፈለገ። እንደ ሰባ ሰባት ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። ሰማዩ ያው ነው፤ ያልነበረው ያ የጦርነት ስፋትና ያ ዝምታ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆም ኋላ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው መስኖ ሲዘረጋ፣ ሰው በጥማት የረገፈበት ሜዳ ከሥሩ ብዙ ውኃ ይዞ እንደነበር ታየ። ከሳሹ "ለምን ደበቀው?" ይላል፤ አማኙ "ልቡናና እጅ የሰጠህ ልትቆፍር ነው" ይላል። ጉድጓዱ ግን ሁለቱንም ያጠጣል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቆቦ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወርና ሰላማዊ ሰው ሲሞት፣ ደመናውም ዝናሙም በቦታቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ሰማይን የሚያስከስስ ድርቅ አልነበረም።

"የሰማይ ቁጣ ነው" የሚለውም፣ "ሰማይ ባዶ ነው" የሚለውም መልስ በየዘመኑ ለገዢ አመችቷል። የመጀመሪያው ተጠያቂውን አርቆ ሰቀለው፤ ሁለተኛው ተጠያቂነትን ከነመንበሩ ወረሰው። ሰማይ እንደ ተረቱ አይታረስ ይሆናል። ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ግማሽ ግን የራያ ሙታን አፍርሰውታል።